ከለላ ወይስ ወጥመድ? የበይነ መረብ ትንኮሳ ሕግና ደፍረው የሚናገሩ ሴቶች በኡጋንዳ

ሐሳባቸውን በአደባባይ የሚገልጹ አፍሪካውያት በበይነ መረብ ለሚደርስባቸው ዛቻና ዘለፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ «ጠንካራ ሕግ ይውጣ» የሚል ነው። የኡጋንዳ ተሞክሮ ግን ይህን መፍትሔ በጥርጣሬ እንድንመለከተው ያስገድዳል።

የአገሪቱ የኮምፒውተር አላግባብ አጠቃቀም ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሕጉ ሲወጣ አንቀጽ 24 «የሳይበር ትንኮሳን»፣ አንቀጽ 25 ደግሞ «አስከፊ መልእክትን» ወንጀል አድርገው ነበር። በእነዚህ አንቀጾች ከተከሰሱት መካከል ስማቸው በሰፊው የታወቀው የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዶ/ር ስቴላ ኒያንዚ ናቸው። በ2017 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒን በፌስቡክ ከዘለፉ በኋላ ታሰሩ፤ በ2019 ደግሞ ስለ ፕሬዚዳንቱ እናት በጻፉት ግጥም ሳቢያ በሳይበር ትንኮሳ ጥፋተኛ ተብለው 18 ወር ተፈረደባቸው። በየካቲት 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳልነበረው ገልጾ በነፃ አሰናበታቸው። የግጥሙ ቃላት ጸያፍ ናቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ክርክራችን ግን በቃላቱ ጨዋነት ላይ አይደለም። ጦሩንና ፖሊሱን የሚያዝ መሪ በሕጉ ፊት «ተተንኳሽ» ሆኖ መቅረብ መቻሉ ነው ጥያቄው።

የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥር 2023 አንቀጽ 25ን ሽሮታል። ዶ/ር ኒያንዚ የተቀጡት ግን በአንቀጽ 24 ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ዛቻን፣ ተደጋጋሚ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን በአንድነት ይዟል። ስለዚህ የተዛተባት ሴት የምትጠቅሰውን አንቀጽ፣ በደሉን በይፋ ያወጣችበት ሰውም መልሶ ሊጠቅስባት ይችላል።

ድጋፉ ታዲያ ከየት ይጀምር? በቅድሚያ ከማስረጃ። ብዙዎች አስጨናቂውን ብሎክ ያደርጋሉ ወይም ገጻቸውን ይዘጋሉ፤ ይህ እፎይታ ቢሰጥም፣ መልእክቱ ከነቀኑና ከነላኪው ስም ካልተቀመጠ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። የዛቻ ናዳውን ባለጉዳይዋ ራሷ ደጋግማ እንድታነብ ከማስገደድ ይልቅ የምታምነው ባልደረባ ቢሰበስብላት ይመረጣል። ሁለተኛው የቀጣሪዋ አቋም ነው፤ ማከረሬ በ2017 ተመራማሪዋን ከሥራ አግዶ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች የሠራተኛቸውን ንግግር ባይደግፉ እንኳ፣ ዛቻ የደረሰባትን ሴት ደኅንነት ከዲሲፕሊን ጉዳይዋ ለይተው የሚያዩበት የጽሑፍ ደንብ ሊኖራቸው ይገባል።