ስለ ወረዳ መማክርት ሥራ፤ በቀጨኔ ሠፈር ምሳሌነት የቀረበ ትምህርት

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም የሚለው ተረት ለንጉሥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ክፍለ አገር ለሚገዛ፥ ወረዳ ለሚያስተዳድር፥ መሬት በእጁ ላለ ሰው ሁሉ የሚሠራ ቃል ነው። ነገር ግን መካር ማለት በወንበር ተቀምጦ ቃል የሚሰጥ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ምክሩ ፍሬ አይሰጥም። ሕዝቡ የዕለት እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ ያላወቀ መካር የሚያወጣው ደንብ በወረቀት ላይ መልካም መስሎ ቢታይም፥ ጉዳቱ ኋላ በድሀው ምድጃ ላይ ይገለጣል።

ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የቀጨኔን ሠፈር ምሳሌ አድርጎ የወረዳ መማክርት ሥራ ምን እንደ ሆነ ያስረዳል። ቀጨኔ የከተማ ሠፈር ቢሆንም ነገሩ ስለ ዐፈር፥ ስለ ዛፍና ስለ ውሃ ነውና ለእርሻ አገር ሹማምንትም ይጠቅማል። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ሠፈሩ አቀማመጥና ስለ ሕዝቡ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በጀርባው የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፥ በፊቱ የሚወርደው ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀጨኔ ከዚህ ተራራ ግርጌ ተቀምጦ በስሙ የሚጠራው ወንዝ ያልፍበታል፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በዚያው አለ።

በሠፈሩ ከሰሜን ሸዋ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ተቀምጠውበታል። ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፥ ወንዶቹ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ናቸው። የከተማው ሕዝብ ቡናውን የሚያፈላበት ጀበና፥ እንጀራውን የሚጋግርበት ምጣድ፥ ወጡን የሚሠራበት ድስት፥ ውሃ የሚቀዳበት እንስራና ጠላ የሚጠምቅበት ጋን ለብዙ ዘመን ከእነዚህ ሴቶች እጅ ወጥቷል።

ይህን ያህል ጥቅም ለሰጡት ሰዎች ግን የተመለሰላቸው ስድብ ነበር። ጠይብና ቡዳ ተብለው ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ አንጥረኛውን በሥራው ጠይብ፥ ሸማኔውንም በሌላ የንቀት ስም መጥራትን አጥብቀው ከለከሉ። ዐዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን ባያጠፋውም፥ ሠራተኛን የሚንቅ አገር ባዶ እንደሚቀር የተረዳ መንግሥት ቃል ነበረ። ሹም የሆነ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ለታሪክ ብቻ መሆን የለበትም፤ የተናቀ ሰው በስብሰባ ላይ አፉን አይከፍትምና፥ ያልተናገረውም ችግር በመዝገብ አይገባምና ነው።

ሁለተኛ፤ የሸክላ ሥራ ምን ምን እንደሚያሻው

ሸክላ ሠሪዪቱ ሥራዋን የምትጀምረው በተራራው ነው። ዐፈሩን ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፤ አድርቃ ትወቅጠዋለች፤ ጠጠሩንና ሥሩን ለቅማ ትነፋዋለች፤ ከዚያም በውሃ ታቦካዋለች። ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ ከታች ወደ ላይ ታንጸዋለች፤ ገጹን በለሰለሰ ድንጋይ ታሻዋለች፤ በጥላ ታደርቀዋለች። ሲደርቅ ዕቃውን በአንድነት ከምራ እንጨትና ቅጠል ከብባ በሜዳ ላይ በእሳት ታበስለዋለች። በዚያ ሰዓት ነፋስ ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢመጣ የብዙ ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ሥራ ዐፈር፥ እንጨት፥ ንጹሕ ውሃና የሥራ ቦታ ይሻል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ሦስቱ ብቻቸውን አይጠቅሙም። የወረዳ ምክር ቤት ስለ ቧንቧ፥ ስለ መንገድ፥ ስለ ቆሻሻና ስለ ጫካ ለየብቻ በተለያየ ቀን ቢመክር፥ ለሸክላ ሠሪዪቱ ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ጉዳይ ናቸው። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የሕዝብ አገልግሎት መልካም የሚሆነው ከሕዝቡ ሥራ ተነሥቶ የታሰበ እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛ፤ መማክርቱ ሥልጣን ያገኙበት መንገድ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ነዋሪዎች በየሠፈራቸው ማኅበር እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ቀበሌ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 104 ማኅበሮቹን በሥርዐት አጠናከራቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ስለዚህ የጣራና የመጸዳጃ ቤት አቤቱታ ሁሉ ወደ ቀበሌ ደጅ ይመጣ ጀመር። ይሁን እንጂ ወዲያው በተከተለው የቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ሰው በቀበሌ ታሰረ፤ ብዙ ሰውም ልጁን አጣ። ለአገልግሎት የተሠራው ደጅ የፍርሃት ደጅ ሆነ። የሕዝብን መታመን አንድ ጊዜ ያጣ ቤት መልሶ ለማግኘት ረዥም ዘመን ይፈጅበታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ስለ ክልሎች አስተዳደር ሲናገር፥ ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። አዲስ አበባም በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 361 የተሻሻለ ቻርተር አገኘች፤ አስተዳደርዋም በከተማ፥ በክፍለ ከተማና በቀበሌ ተደራጀ። ኋላም በቀበሌ ፈንታ ወረዳ ተተካ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የቀበሌ፥ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የወረዳ ምክር ቤት አባሎች በከተማይቱ ተመርጠዋል።

ስለዚህ ሥልጣኑ በሕግ አለ። ሆኖም ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከሥልጣኑ አያንስም። በሕንድ አገር በ1985 ዓ.ም. የጸናው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በከተማ ምክር ቤቶች ውስጥ ከወንበሩ ሲሶ የማያንሰው ለሴቶች እንዲሆን፥ በዘራቸው ተንቀው ለኖሩትም እንደ ቍጥራቸው መጠን ወንበር እንዲለይላቸው አዝዟል። ቀጨኔ ላይ ሴትነትና የተናቀ ሙያ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ይገኛሉና፥ ይህን የሌላ አገር ልምድ መማክርት ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

አራተኛ፤ መማክርቱ የሚመለከቱዋቸው ነገሮች

ሀ. ስለ ዐፈርና ስለ እንጨት። በ1880ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ሕዝብ የማገዶ ችግር ስለ ጸናበት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ይህ ዛፍ ከተማይቱን ከመፍለስ አዳናት፤ ተራራውንም ሸፈነው። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አያበቅልም፤ ስለዚህ ዝናብ በመጣ ጊዜ ዐፈሩ ይታጠባል። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶችም በዚሁ ዛፍ ኖረዋል።

ከዚህ ወዲህ ተራራውን ለመጠበቅ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ705 ሄክታር ገደማ ላይ የጉለሌን የዕፅዋት ማእከል አቋቁመዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። በባሕር ዛፍ ፈንታ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ቢበቅል ለምንጩም ለዐፈሩም ጥቅም እንደ ሆነ ጥርጥር የለውም። ይሁን እንጂ ጫካ የሚከልል ሹም አስቀድሞ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ በዚህ ተራራ እስከ ዛሬ ማን ይኖርበት ነበር? ለሸክላ ሠሪዪቱ ዐፈር የምትቆፍርበት፥ ለማገዶ ለቃሚዪቱም ጭራሮ የምትለቅምበት ስፍራ ሳይለይ ቢከለል፥ ከሁለት ክፉ ነገር አንዱ ይሆናል፤ ወይ ምድጃው ይቀዘቅዛል፥ ወይ ዛፉ በሌሊት ይቈረጣል። መካከለኛው መንገድ መማክርቱ ከጫካ ጠባቂዎቹ ጋራ ተስማምተው ዐፈር የሚወጣበትን ስፍራ ማካለል፥ የሚቆፈርበትን ወራት መወሰን፥ ተቆፍሮ ያበቃውን ጕድጓድም ደፍኖ ዛፍ መትከል ነው። ለማቃጠያውም ሙቀት የሚይዝ የተዘጋ ምድጃ በማኅበር ቢሠራ እንጨት ይቈጠባል፤ ዕቃውም ከነፋስና ከዝናብ ይድናል። ነገር ግን ምድጃው ከመሠራቱ በፊት ሴቶቹ ሞክረውት ለምጣድና ለጀበና የሚስማማ መሆኑን ራሳቸው ይመስክሩ።

ለ. ስለ ውሃና ስለ ቆሻሻ። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት ሠፈር መጸዳጃ ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ በሆነ ጊዜ፥ ጕድጓዱ ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማን እንደ ሆነ ካልተለየ ወደ ወንዙ ይፈሳል። የቀጨኔ ወንዝ ግን በቀጨኔ አይቀርም። ከሌሎች ጅረቶች ጋራ ተቀላቅሎ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚያ ውሃ ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ ያለማሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ለከተማይቱ ገበያ ይቀርባል። ከሠፈሮች በሚወጣው እድፍ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚጨመርበት፥ በዚህ ውሃ በለማ አትክልት ላይ ለጤና የማይበጁ ከባድ ማዕድናት መኖራቸውን ሊቃውንት መርምረው አግኝተዋል። እንግዲህ ላይኛው ሠፈር የጣለውን ታችኛው ገበሬ ያጠጣዋል፤ ላይኛውም መልሶ ይበላዋል። ለገበሬው ውሃውን ተው ማለት ብቻ ፍርድ አይደለም፤ የወንዙ ንጽሕና የሚጀመረው ከምንጩ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንዲለማ ሥራ የተጀመረውም በዚሁ አሳብ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወረዳ መጸዳጃ ቤቱንና ቦዩን ካልጠበቀ ዳርቻው ብቻ አምሮ ውሃው እንደ ቈሸሸ ይቀራል።

ሐ. ስለ ሥራ ቦታና ስለ ድሆች ምርጫ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር፥ ድሆች ሠፈር እያጸዱ፥ ቦይ እየጠረጉ፥ ችግኝ እየተከሉ ደመወዝ እንዲያገኙ ተደርጓል። ማን ድሀ እንደ ሆነ የሚለዩት በየሠፈሩ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። የመማክርት ጽድቅ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ዘመዱን የሚያስቀድም መራጭ የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን እምነት ይሰርቃል። እንዲሁም ቤት በሚፈርስበትና መንገድ በሚሰፋበት ጊዜ፥ ለሸክላ ሠሪ ምትክ የሚሰጠው የመኝታ ክፍል ብቻ እንደ ሆነ ሥራዋ ፈርሷል ማለት ነው፤ ማድረቂያና ማቃጠያ ሜዳም ይታሰብላት።

አምስተኛ፤ ሥራው የሚካሄድበት ሥርዐት

መማክርቱ ከስብሰባ በፊት ሠፈሩን በእግራቸው ይዙሩ፤ በዝናብ ወራት አንድ ጊዜ፥ በበጋም አንድ ጊዜ። ጕድጓዱን፥ ቦዩን፥ የቧንቧውን ደጅና የዐፈሩን መቆፈሪያ በዐይናቸው አይተው ይመዝግቡ። ከዕድር ዳኞች ጋራ ይመካከሩ፤ ዕድር ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ተቸገረ ከመዝገብ አስቀድሞ ያውቃልና። ስብሰባውን ሴቶች ከገበያ በሚመለሱበት ሰዓት ያድርጉት፤ በገበያ ቀን የተጠራ ስብሰባ ሸክላ ሠሪዪቱን እንዳልጠራት ይቈጠራል። የተወሰነውን ነገር በግልጥ ጽፈው፥ የሚሠራውን ሰው፥ የሚጨርስበትን ቀንና ገንዘቡን ለይተው በደጅ ይለጥፉ። ከወረዳው ኀይል በላይ የሆነውንም ለክፍለ ከተማው ያስታውቁ፤ መልሱንም ለሕዝቡ ያሰሙ። መልስ የዘገየ እንደ ሆነ መዘግየቱን መናገር ራሱ አገልግሎት ነው።

ይህ ሥርዐት ለቀጨኔ ብቻ የተነገረ አይደለም። ቆዳ ፋቂ፥ ሸማኔ፥ ቀጥቃጭ ወይም ዓሣ አጥማጅ የሌለበት ወረዳ የለም፤ ከላይኛው የሚወርድ ውሃ የማይጠጣ ገበሬም ጥቂት ነው። አገር ገዢ የሆነ ሰው በግዛቱ ያለውን ምክር ቤት ሲመረምር ስንት ጊዜ እንደ ተሰበሰበ ብቻ አይጠይቅ። ዐፈር ቆፋሪዪቱ፥ እንጨት ተሸካሚዪቱና ከወንዙ በታች ያለው ገበሬ ቃላቸው በመዝገቡ ተጽፎ እንደ ሆነ ገልጦ ይይ። ተጽፎ ቢገኝ ምክር ቤቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ባይገኝ ግን ገና አልጀመረም።