የሰውነት ጠባቂዎች ትምህርት

በሐዲያና በከምባታ አገር፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ፣ ገበሬ እንሰትን ሊያባዛ ሲፈልግ አሚቾ የሚባለውን ሥሩን በአፈር ውስጥ ይቀብራል። ከአንዱም ሥር ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ችግኙ ሁሉ በበቀለበት ስፍራ ቢቀር እርስ በርሱ ተጣቦ ይቀጭጫልና፣ ገበሬው ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል፤ ከጠነከረም በኋላ በጓሮው ይተክለዋል።

የሰውን ሰውነት ከደዌ የሚጠብቁትም እንደዚሁ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወሩ ያድጋሉ። በሰው ደም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነጭ ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ አንዱ ወገን ቲ ሕዋስ ይባላል። መነሻው በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሲወጣ ሥራውን ገና አያውቅም። ስለዚህ በደም ተጉዞ፣ ከደረት አጥንት በስተኋላ ወዳለው ታይመስ ወደሚባል ዕጢ ይገባል። ዣክ ሚለር የተባለ ሐኪም በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራውን እስኪገልጥ ድረስ፣ ይህ ዕጢ ለብዙ ሊቃውንት ጥቅም የሌለው ይመስላቸው ነበር።

በታይመስ ሁለት ፈተና አለ። ፊተኛው፣ ሕዋሱ የገዛ ሰውነቱን ምልክት ለይቶ ማወቁ ነው፤ የማያውቅ በዚያው ይሞታል። ሁለተኛው፣ የገዛ ሰውነቱን እንደ ጠላት አለመውጋቱ ነው፤ የሚወጋም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከመቶው ፈተናውን አልፈው የሚወጡት አምስት እንኳ አይሞሉም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። ወገኑን ያልለየ ሕዋስ ቢወጣ ሰው በገዛ ጠባቂዎቹ ይታመማል። ጠባቂዎቹ ቢያልቁ ደግሞ፣ ኤች አይ ቪ የሚባለው ቫይረስ እንደሚያደርገው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሰውን በቀላሉ ይጥለዋል። እናት ልጅዋን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ የኩፍኝ ክትባት ስታስከትበው ግን፣ የተማሩት ጠባቂዎች ደዌውን አስቀድመው ያውቁታል፤ በመጣም ጊዜ ፈጥነው ይነሡበታል።

ታይመስ በልጅነት ወራት ሥራው ብዙ ነው፤ ሰው እያደገና እያረጀ ሲሄድ ግን እየመነመነ ይሄዳል። የትምህርትም ዘመን እንዲሁ ነው፤ በልጅነት የተማረ በሽምግልናው ይጠቀማል። ብርታትም ብቻውን አይበቃም፤ ክንደ ብርቱ ሰው ወገኑን ከጠላቱ ካልለየ ለገዛ ቤቱ ጥፋት ይሆናልና።