«ክላሱ አልተገኘም»፦ ፋይሉ እያለ ፕሮግራሙ ለምን ያጣዋል?

የመመረቂያ ፕሮጀክት ማቅረቢያ ሳምንት ሲቃረብ ከቢሮዬ ደጃፍ የሚቆሙት ሁሉ የፊዚክስ ተማሪዎች አይደሉም። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት ፕሮግራም በመጻፍ መሆኑን የሰሙ ጥቂት ልጆች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በሀብሩ ወረዳ የሚገኙ የፍራፍሬ አምራቾችን ማሳ የሚመዘግብ የድረ ገጽ ሶፍትዌር በላራቬል ሠርቶ ነበር። በገዛ ላፕቶፑ ላይ ያለ እንከን የሚሠራው ፕሮግራም ወደ ሰርቨር በተጫነበት ቀን «ክላሱ አልተገኘም» የሚል መልእክት አውጥቶ ቆመ። ሥራው በገምጋሚዎች ፊት የሚቀርበው በማግስቱ ጠዋት ነው። «መምህር፣ ፋይሉ እኮ ይኸው አለ!» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ፋይሉ እያለ ክላሱ የሚጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት በመጀመሪያ ፈላጊው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞው ጊዜ የፒኤችፒ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች አንድ በአንድ በስማቸው መጥራት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፒኤችፒ 5 ግን ክላሶችን በሚፈለጉበት ሰዓት ራሱ ፈልጎ የሚጭን ዘዴ ይዞ መጣ። ይህም ኦቶሎድ ይባላል። በ2012 ኮምፖዘር የተባለው መሣሪያ ተከተለ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ የክላስ ስም ከፋይል አድራሻ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ የሚደነግገው ፒኤስአር-4 የተሰኘው ስምምነት ጸደቀ። ላራቬልም ሆነ ሲምፎኒ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ስምምነቱን በአገራችን አድራሻ ማስረዳት ይቀላል። መርሳን የሚፈልግ ሰው «ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ፣ መርሳ» ብሎ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። የክላስ ሙሉ ስምም እንዲሁ ነው፤ ኔምስፔስ የሚባለው የስም ክልል ዞኑንና ወረዳውን፣ የመጨረሻው ቃል ራሱን ክላሱን ያመለክታል፤ እያንዳንዱ ደረጃ በዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር ነው። አንድ ሰው «ሰሜን ወሎ፣ ጉባላፍቶ፣ መርሳ» ብሎ ቢጠይቅ ግን አያገኝም። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በቦታዋ አለች፤ የተሳሳተው ወረዳው ነው።

ፒኤችፒ ያልተጫነ ክላስ ሲገጥመው ሙሉ ስሙን ለኦቶሎደሩ ይሰጣል። ኦቶሎደሩ ስሙን ወደ ፋይል አድራሻ ይለውጣል፤ ፋይሉ ካለ ይጭነዋል። ከዚያ ፒኤችፒ የጠየቀው ስም በእርግጥ መኖሩን እንደገና ይመለከታል። ስለዚህ ያ አንድ መልእክት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፦ የተጠየቀው ስም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ትክክል ሆኖ ፋይሉ በአድራሻው ላይኖር ይችላል፤ ወይም ፋይሉ ተገኝቶ በውስጡ የተጻፈው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች መልእክቱን እስከ መጨረሻው አያነቡም። ከክላሱ ስም በፊት የተጻፈው ግን ትልቅ ምስክር ነው። ማሳ የተባለው ክላስ በሞዴሎች ፎልደር ውስጥ ሆኖ ሳለ መልእክቱ «በኮንትሮለሮች ውስጥ ያለው ማሳ አልተገኘም» የሚል ከሆነ፣ ኮንትሮለሩ አናት ላይ ክላሱን የሚያስመጣው መስመር ተረስቷል ማለት ነው። ፒኤችፒ ወረዳው ሳይነገረው ሲቀር በቆመበት ወረዳ ውስጥ ይፈልጋል።

ተማሪዬ ይህን መርምሯል፤ ትክክል ነበር። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ኔምስፔስም ትክክል ነበር። ኮምፖዘር የክላሶቹን ዝርዝር እንደገና እንዲያዘጋጅ የሚያደርገውን ትእዛዝ አሥር ጊዜ ያህል ሰጥቷል። ተማሪዎቻችን ይህን ትእዛዝ ለሁሉም ሕመም እንደሚረጭ ጠበል ያዩታል! የሚጠቅመው ዝርዝሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሲሆን ነው፤ በተለይ ኦቶሎደሩ ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይፈልግ ከታዘዘ አዲስ ክላስ ዝርዝሩ እስኪታደስ ድረስ አይታይም። በተራው የፒኤስአር-4 አሠራር ግን ኦቶሎደሩ በየጊዜው ዲስኩን ስለሚመለከት ዝርዝር ማደስ አያስፈልግም።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሁለት መሣሪያዎች የተለያየ ውጤት ሲሰጡ መጀመሪያ የምንጠይቀው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብለን ነው። የእርሱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ነበር። የሰርቨሩን ፎልደር ዝርዝር አውጣልኝ አልሁት። የክላሱ ስም በትልቅ የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ የፋይሉ ስም ግን በሙሉ በትንንሽ ፊደላት ተጽፏል።

ዊንዶውስ የፋይል ስም ሲፈልግ በተለመደው አሠራሩ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም። ፒኤችፒ ራሱም በክላስ ስም ላይ አይለይም። ሁለት ቸልተኞች ተገናኝተው ስህተቱን ሸፍነውት ከረሙ። ሊኑክስ ግን ሁለቱን የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው ዓይናችን ይህን ለማየት አልሠለጠነም፤ እኔ ራሴ ፊደል የማይለየውን ፎርትራን ለምጄ ሊኑክስ ላይ በአንዲት ፊደል ሁለት ቀን አጥቻለሁ። ይሁን እንጂ የራሳችን ተመሳሳይ ችግር አለን። «ሀብሩ» እና «ሐብሩ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን የመጀመሪያው ፊደል ቁጥር 1200፣ የሁለተኛው 1210 ነው። ወረዳውን በአንዱ መዝግቦ በሌላው የሚፈልግ ሰው ባዶ ገጽ ያገኛል።

ልጁ ደስ ብሎት የፋይሉን ስም በላፕቶፑ አስተካክሎ በጊት አማካይነት ወደ ሰርቨሩ ላከ። ስህተቱ ግን እንዳለ ነው። ጊት በዊንዶውስ ላይ የፊደል መጠን ብቻ ሲለወጥ ለውጡን ላይመዘግበው ይችላልና፣ ሰርቨሩ ላይ የቆየው አሮጌው ስም ነበር። መፍትሔው ፋይሉን በጊት የራሱ ትእዛዝ መጀመሪያ ፈጽሞ ሌላ ስም መስጠት፣ ቀጥሎም ወደሚፈለገው ስም መመለስ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ክላሱ የራሳችን ሳይሆን ከውጭ የመጣ ጥቅል ከሆነ ምርመራው አጭር ነው። ጥቅሎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ሰርቨሩ ላይ በሙሉ አለ ወይ? ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጭነቱ በመካከል ይቋረጣል። ሌላው፣ ጥቅሉ ለግንባታ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግሉት ጋር ተመዝግቦ ከሆነ በሰርቨሩ ላይ ሳይጫን ይቀራል፤ የሙከራ መረጃ የሚፈጥረው ፌከር በላራቬል ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ይጠፋል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም የማሳዎቹ ዝርዝር ተከፈተ፤ መርሳ ከነቀበሌዎቿ ወጣች። ቀጥሎ «መዝግብ» የሚለውን ሲጫን ሌላ ስህተት መጣ፤ ይህኛው የዳታቤዝ ፈቃድ ጉዳይ ነበር፤ እርሱን ራሱ ፈታው።