ጤናማ መኖሪያ ቤት በብርዳማ ደጋ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ ለኅብረተሰቡ በተደጋጋሚ ከተላለፉት መልእክቶች አንዱ በቤት መቆየት ነው። ይህ ምክር በሚገባ የሚጠቅመው ቤቱ ራሱ ጤናማ ሲሆን ነው። ከጣርማበር ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ መዘዞ ባለ ብርዳማ ደጋ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚታሰበው ሙቀት ነው። ስለዚህ መስኮት ይጠባል፣ አንዳንዴም ጭራሹን ይቀራል፤ ቤተሰቡም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል። በመካከላቸው የታመመ ሰው ካለ፣ ሲያስልና ሲናገር ከአፉ የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች መውጫ አጥተው በቤቱ አየር ውስጥ ይቆያሉ።

ደረጃውን የጠበቀ ቤት ሲባል ብዙዎች የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ይታያቸዋል። በጤና ዓይን ሲታይ ግን የድንጋይና የጭቃ ቤትም ደረጃውን ሊያሟላ ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በዋናነት የተመለከተው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ነበር። በገጠር ቀበሌ የጤናማ ቤትን መለኪያ ወደ ቤተሰቡ ደጃፍ የሚያደርሱት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

ከመለኪያዎቹ ቀዳሚው በቂ የአየር ዝውውር ነው። የመስኮቶች ጠቅላላ ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አሥር በመቶ እንዲሆን ይመከራል። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ቤት ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ያስፈልገዋል። ይህም እያንዳንዳቸው 1 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ማለት ነው። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ቢሆኑ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለደጋ ሰው ይህ ልኬት የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። መፍትሔው መስኮቱን መድፈን ሳይሆን በደንብ የሚገጥም የእንጨት መዝጊያ ማበጀት ነው። ፀሐይ በጠነከረችበት የቀኑ ክፍል በርና መስኮት በየተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ብርዱ ሲበረታ ይዘጋል፤ በሌሊት ሙቀት የሚጠብቀው ጋቢና ባና ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል። የኩበትና የእንጨት ጭስም ሳንባን ይጎዳል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም።

ሁለተኛው መለኪያ መጨናነቅን ማስወገድ ነው። ሕመምተኛን ለይቶ ማስተኛት የሚቻለው ቤቱ ክፍል ሲኖረው ነው። ባለ አንድ ክፍል ከሆነ የታመመው ሰው በመስኮቱ አጠገብ ይተኛል፣ ሌሎች ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀው ይተኛሉ፣ በተለይም አረጋውያን ይርቃሉ። አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ሆነ ሕመምተኛው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋሉ። የትንፋሽ እጥረት ከታየ ግን ቤቱ ምንም ያህል የተመቸ ቢሆን በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከብቶችን ከመኝታ የሚለይ ግድግዳ ወይም የተለየ በረት የሚያስፈልገው ኮሮናን ስለሚያመጡ አይደለም። እበትና ሽንት ቤቱን ያረጥባል፣ ዝንብና ቁንጫ ያበዛል፣ ለሰዎች መራራቂያ የሚሆነውን ቦታም ይይዛል። በጋራ የሚለበስ ባናም በቅማል የሚተላለፉ የግርሻና የተስቦ በሽታዎችን ሊያዛምት ስለሚችል በየጊዜው መታጠብና ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት።

መጸዳጃ ቤት ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከምንጩ በታች ባለው ቁልቁለት ይቆፈራል። በአጠገቡም ቧንቧ የተበጀለት ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጣል።