ስሜን የት አደረሱት?

ስለ አማና ሲነሳ ትዝ የሚለን ገንዘብና ዕቃ ነው። እኔም እስከ አንድ የዒድ ሰሞን ድረስ ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም።

ለዘመድ ወዳጅ የምልከው የመልካም ምኞት ምስል ፈልጌ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም የሚሰግደውን ሕዝብ ከከፍታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከቴሌግራም ወሰድኩ። ጠርዙን ቆረጥኩ፤ ቀለሙን ወደ አረንጓዴ ቀየርኩ፤ «ዒድ ሙባረክ» ብዬ ጻፍኩበትና ከግርጌው የራሴን ስም አኖርኩ። በቆረጥኩት ጠርዝ ላይ የፎቶ አንሺው ስም እንደነበረ አይቻለሁ። እንዲያምር ብዬ ነው! በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ላከልኝ፦ «ጋሼ፣ ጽሑፉ አምሮበታል። ስሜን ግን የት አደረሱት?»

«ቀይሬዋለሁ እኮ» ልለው ነበር። ይህ መልስ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተሞክሯል። ሊን ጎልድስሚዝ የተባለች ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1981 ድምፃዊውን ፕሪንስን ፎቶ አነሳችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት 400 ዶላር ከፍሎ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ከፎቶው ሥዕል እንዲሠራ አደረገ፤ ስሟም አብሮ ታተመ። ዋርሆል ግን ከዚያው ፎቶ ሌሎች ሥዕሎችንም ሠርቶ ኖሯል። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ከነዚህ አንዱን ለሽፋን አዋለ። የዋርሆል ፋውንዴሽን 10,250 ዶላር ሲያገኝ፣ ለእርሷ ሳንቲም አልደረሳት፤ ስሟም አልተጠቀሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደላት። ሥዕሉ አዲስ መልክ ቢይዝም በመጽሔቱ ላይ የዋለው ፎቶው ለሚውልበት ለዚያው አገልግሎት ነው፤ ያውም ለገንዘብ፣ ተባለ።

የኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስም መጥቀስ ግን ፈቃድን አይተካም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አንዳንዶች ደግሞ «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብለው ይገላገላሉ። ሐዲስን ከነሰነዱ የሚጠይቅ ሰው «ከገበያ ሰማሁ» ቢሉት ይቀበላል?

ልጁን ይቅርታ ጠይቄ አስፈቀድኩት። በአዲሱ ምስል ላይ «ፎቶ፦ እገሌ፣ ጽሑፍና ቀለም፦ እኔ» ብዬ አሰፈርኩ። የጻፍኩት እምስሉ ላይ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲሻገር ይወድቃልና። የመጀመሪያው ምስል ግን ዛሬም ዒድ በመጣ ቁጥር፣ አንዳንዴም ጅዳ ካሉት ዘመዶቼ፣ በኔ ስም ተመልሶ ይመጣልኛል።