ስድስቱ እነማን ይሁኑ? ስለ ሴቶች መረብ ኳስ አሰላለፍ የቀረበ ጥናት

ባለፉት ሁለት ሳምንታት በመኖሪያ ቤታችን የጋራ ክፍል የተካሄደውን ክርክር ያልሰማ የማኅበራችን አባል ያለ አይመስለንም። ነገሩ የተነሣው ከሩቅ ነው። ከአባሎቻችን የአንዱ እኅት በአሜሪካ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እርሷ የምትልክልንን የጨዋታ ፊልም እየተሻማን ማየት ከጀመርን ወዲህ የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ሆነናል። የውድድሩ ዘመን ካለቀ በኋላም «በሚቀጥለው ዓመት ተሰላፊዎቹ ስድስት እነማን ይሁኑ?» የሚለው ጥያቄ ሻዩ ሳይጠጣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሲያከራክረን ከረመ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ክርክሩ ሳይታሰብ ዞረና በግቢያችን የውጭ አገር ተማሪዎች ውድድር ላይ ወደሚሳተፈው ወደ ራሳችን እኅቶች ቡድን መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የጥናት ክበቡ ጉዳዩ በጩኸት ብቻ እንዳይወሰን በማለት ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎቹ ሰጥቶናል። የሕክምና ተማሪ ስለ ኳስ ሲጽፍ ወደ ጉልበት ማዘንበሉ አይቀርምና ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሌላም ይቅርታ የምንጠይቅበት ነገር አለን፤ በቦታው እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ፣ «የኮሌጅ ሴቶች ኳስ ይህን ያህል ምን ያስጮኻል?» ለሚሉት ወንድሞች አንድ ቁጥር እንስጣቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2023 በሊንከን ከተማ የነብራስካ ሴቶች ከኦማሃ ጋር ሲጫወቱ በእግር ኳሱ ስታዲየም የተገኘው ተመልካች 92,003 ነበር። በሴቶች ስፖርት ውድድር ይህን ያህል ሕዝብ ከዚያ በፊት በይፋ ተመዝግቦ አያውቅም። ይህም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በትምህርት ቤቶች በጾታ ምክንያት የሚደረገውን አድልዎ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1972 ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቀው የኮሌጅ ሴቶች ብሔራዊ የመረብ ኳስ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1981 ነው። ነብራስካ በ1995፣ በ2000፣ በ2006፣ በ2015 እና በ2017 ዋንጫውን ወስዷል።

የዚያ አገር ደጋፊ በዕረፍቱ ወራት የሚከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮሌጅ ቡድን በየዓመቱ ይፈርሳል፣ በየዓመቱም ይሠራል። አራተኛ ዓመት የደረሱት ይመረቃሉ፤ ሌሎች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ፤ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ልጆች ይመጣሉ። አሠልጣኙም ሊለወጥ ይችላል። ነብራስካን ከ2000 ጀምሮ የመሩት ጆን ኩክ በጥር 2025 ጡረታ ሲወጡ፣ ቦታቸውን የያዘችው የቀድሞዋ የቡድኑ ተጫዋች ዳኒ በስቡም ኬሊ ናት። የእርሷ ታሪክ ለጥናታችን ይጠቅማል። ነብራስካ ስትጫወት የጀመረችው ኳስ አመቻች ሆና ነበር፤ በመጨረሻ ዓመቷ በ2006 ግን የኋላ ተከላካይ፣ ማለትም ሊቤሮ ሆና ተሰለፈች፤ ቡድኑም ዋንጫውን አገኘ። ስለዚህ በወረቀት ላይ «እገሊት አመቻች፣ እገሊት አጥቂ» ብሎ ስም መደርደር አሰላለፍ አይባልም። ይህን ምሳሌ በክርክሩ ላይ ያነሣነው እኛ ነን፤ ቆይቶ በራሳችን ላይ እንደዞረብን አንባቢ ያያል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ስድስቱ ተጫዋቾች ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ይቆማሉ። ተጋጣሚው ሰርቪስ መትቶ ነጥቡን እኛ ስናሸንፍ፣ ሰርቪሱ ወደ እኛ ይዞርና ሁሉም በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ ይሸጋሸጋሉ። ከኋላ ያለች ተጫዋች ብሎክ ማድረግ አትችልም፤ ከሦስት ሜትሩ መስመር በፊት ተነሥታ ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ መምታትም አትችልም። ስለሆነም አሰላለፍ ማለት የስድስት ጎበዞች ዝርዝር ሳይሆን አንድ ክብ ነው። ማን ከማን ቀጥላ ትቆማለች? ማን ከማን ትይዩ ናት? ጎበዝ አጥቂዎቻችንን ሁሉ ጎን ለጎን ብንደረድራቸው ሦስት ሽግሽግ ስንገዛ በሚቀጥሉት ሦስት እንገዛለን። በክርክራችን ከቀረቡት የስም ዝርዝሮች አብዛኞቹ የወደቁት በዚህች ቀላል ፈተና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ አንዲት አመቻች ይኑረን ወይስ ሁለት የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዘዴ፣ አምስት ለአንድ በሚባለው፣ አንዲቷ አመቻች ሁሉንም ስድስት ሽግሽግ ታመቻቻለች። ጥቅሙ ኳሱ ሁልጊዜ ከአንድ እጅ መውጣቱና አጥቂዎቹ ያንን እጅ መልመዳቸው ነው። ጉዳቱ ደግሞ እርሷ ከፊት በምትሆንባቸው ሦስት ሽግሽጎች የፊት አጥቂዎች ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። በሁለተኛው ዘዴ፣ ስድስት ለሁለት በሚባለው፣ ሁልጊዜ የምታመቻቸው ከኋላ ያለችው አመቻች ስለሆነች ከፊት ሦስት አጥቂ አይጠፋም።

«እንዲያ ከሆነ ለምን ሁሉም ቡድን በሁለተኛው አይጫወትም?» ተብሎ ተጠይቋል። መልሱ ያለው በቅያሪ ሒሳብ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች አመቻቿ ወደ ፊት ስትደርስ ያስወጧትና በምትኳ ረጅም አጥቂ ያስገባሉ፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላ የደረሰችውን አጥቂ አስወጥተው ሌላዋን አመቻች ያስገባሉ። ይህ ሁለት ቅያሪ ነው። ከሦስት ሽግሽግ በኋላ ይህንኑ መልሰው ያደርጋሉ፤ በአንድ ሙሉ ዙረት አራት ቅያሪ ማለት ነው። እነርሱ በአንድ ዙር ጨዋታ 15 ቅያሪ ተፈቅዶላቸዋል፤ የወጣችውም ተመልሳ መግባት፣ እንደገናም መውጣት ትችላለች። አሥራ አምስት ለአራት ሲካፈል ከሦስት ዙረት በላይ ይበቃል። እኛ የምንጫወትበት ዓለም አቀፍ ደንብ የሚፈቅደው ግን በአንድ ዙር ጨዋታ ስድስት ቅያሪ ብቻ ነው፤ አንዲት ተሰላፊ ወጥታ የምትመለሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ያንን ዘዴ እንዳለ ብንገለብጠው ገና በሁለተኛው ዙረት እጃችን ባዶ ይቀራል። (ፈረንጆቹ «ሴት» የሚሉትን እኛ «ዙር» ያልነው በአማርኛ ሲጻፍ ከተጫዋቾቹ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረን ነው።)

ሌሎችም ከፊልም ብቻ ተምረን የተሳሳትንባቸው ነገሮች አሉ። በአሜሪካ ኮሌጅ ሊቤሮዋ በአንድ ሽግሽግ ላይ ሰርቪስ መምታት ትችላለች፤ በእኛ ውድድር አትችልም። ከ2024 የውድድር ዘመን ጀምሮ በእነርሱ ዘንድ አመቻቿ ኳሱን ሁለት ጊዜ ብትነካው፣ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ እስካልተሻገረ ድረስ አይነፋባትም፤ በእኛ ዘንድ ይነፋል። ስለዚህ ፊልሙን አይተው «እጇ ባይጠራም ፈጣን ናት፣ እርሷ ታመቻች» ያሉት ጓደኞቻችን ሐሳባቸውን እንደገና ቢመረምሩት መልካም ነው።

ስለ ቁጥርም ጥቂት እንበል። ደጋፊ የሚቆጥረው ያስቆጠረችውን ብቻ ነው። አሠልጣኝ ግን ካስቆጠረችው ላይ ያበላሸችውን ቀንሶ፣ ቀሪውን በሞከረችው ብዛት ያካፍላል። አንዲት አጥቂ 1000 ኳስ መትታ 400 አስቆጥራ 200 ብታበላሽ ውጤቷ 0.200 ነው። ሌላዋ 500 መትታ 250 አስቆጥራ 75 ብታበላሽ 0.350 ይሆናል። ስሟ የሚጮኸው የመጀመሪያዋ ነው። ሆኖም በዚህም መቸኮል አይገባም። የግራ ጫፍ አጥቂ፣ የመጀመሪያው ቅብብል ተበላሽቶ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የሚወረወርላትን መጥፎ ኳስ ሁሉ ትሸከማለች፤ የመሐል አጥቂ ግን ኳስ የሚደርሳት ቅብብሉ ሲያምር ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርድ ማዛባት ነው።

አሁን ወደ ጉልበት ደርሰናል።

የመረብ ኳስ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚጎዳት ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ከመረቡ ሥር በሌላ ሰው እግር ላይ ስታርፍ ይታጠፍባታል። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማትም በዝላይ ብዛት ይታመማል። (ለአጥቂዎች የትከሻ ነርቭ ተጎድቶ በትከሻ አጥንት ላይ ያለው ጡንቻ ሳያሳምም እየሟሸሸ የሚሄድበት ሁኔታም አለ፤ አጥቂዎቻችን በመስተዋት ጀርባቸውን ቢያዩ አይከፋም።) ከሁሉ የሚከፋው ግን በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው። በዝላይና በድንገተኛ መዞር በሚካሄዱ ስፖርቶች ይህ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዛት ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜም ማንም ሳይነካት፣ ስታርፍ ወይም ስትዞር ነው የሚበጠሰው።

ባለፈው ዓመት በግቢያችን ውድድር ላይ የደረሰውን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት የሆነውን ነው። እኅታችን በልምምድ ላይ ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አበጠ። ወደ እኛ መጣች። እኛም አይተን «ቀላል ወለምታ ነው፣ በፋሻ ይጠቅለል» አልናት። ድምፅ ተሰምቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ደም የቋጠረ እንደሆነና መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው ጅማት እንደሆነ ተምረናል፤ በፈተናም ላይ በትክክል መልሰነዋል። ነገር ግን ተጋጣሚያችን ጠንካራ ነበር፤ አጥቂያችንም እርሷ ብቻ ነበረች። ተጫወተች። በሦስተኛው ዙር ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ ከጅማቱ ሌላ በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ትራስ መሰል ለስላሳ አጥንትም ተቀድዶ ተገኘ። እኛ ዳር ቆመን ስናጨበጭብ ነበር።

ዘንድሮ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የእርሷ ስም ከስድስቱ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን ከቀዶ ጥገናዋ ሰባት ወር ይሞላታል። ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ እንዲህ ያለ ስፖርት የሚመለሱ ሰዎች እንደገና የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ወሩ ቢሞላም እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ የታከመው እግር ጡንቻ ጥንካሬና በአንድ እግር የመዝለል ችሎታ ቢያንስ የደኅናውን እግር 90 ከመቶ እንዲደርስ ይፈለጋል። «እየሮጠች አይተናታል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ጊዜ ነው የራሳችን ምሳሌ የዞረብን። አንድ ጓደኛችን «በስቡም ኬሊ አመቻችነቱን ትታ ሊቤሮ ሆና የለም ወይ? ሊቤሮ አይዘልም፤ እኅታችንም ከኋላ ትሰለፍ» አለ። ያንን ያነሣነው ተጫዋች በለመደችው ቦታ ብቻ እንዳትመዘን እንጂ የታመመ ጉልበት መሸሸጊያ እንዲሆን አልነበረም። ሊቤሮ አትዘልም እንበል፤ ነገር ግን ሮጣ በድንገት ትቆማለች፣ ትዞራለች፣ ትወድቃለች። ለዚህ ጅማት አደጋው እዚያው ውስጥ ነው። ሌላው ወንድማችን ደግሞ የፔን ስቴቷን አሠልጣኝ ኬቲ ሹማከር ካውሊን ጠቀሰ። እርሷ በ2024 የጡት ካንሰር ሕክምና እየወሰደች ቡድኗን አሠልጥና፣ በታኅሣሥ ወር በስቡም ኬሊ ያኔ ትመራው የነበረውን ሉዊቪልን 3 ለ 1 አሸንፋ ይህን ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አሠልጣኝ ሆናለች። ትልቅ ጀግንነት ነው፤ ለክርክሩ ግን አይሆንም። የአሠልጣኟ ውሳኔ የራሷ ነበር፤ የእኅታችንን ጉልበት ግን የጋራ ክፍሉ በድምፅ ብልጫ ሊወስንላት ነበር።

ይህንንም ያለችው ራሷ ናት። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጉልበቴ ስትነጋገሩ አንድ ሰው እንኳ እኔን አልጠየቀኝም» አለች። ጠየቅናት። መጫወት እንደምትፈልግ፣ ደግሞም በሌሊት ሳይቀር ያንን ድምፅ እንደምትሰማው ነገረችን። ይህ እንዲጻፍ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች። እኛም ስለ ፋሻው ይቅርታ ጠየቅናት። «እኔም መስማት የፈለግሁት ያንኑ ነበር» ስትል መለሰችልን፤ ይህ ግን እኛን ነጻ የሚያወጣን አይደለም።

ስለሆነም ለአሰላለፍ ኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። እኅታችን በዚህ ውድድር ከስድስቱም ከተጠባባቂዎቹም ውስጥ አትግባ። ዘጠኝ ወሩ ሲሞላ ፈተናውን በሚያክማት ባለሙያ ፊት ትፈተን፤ በእኛ ፊት አይሆንም። እስከዚያ ድረስ እርሷ ከተስማማች በአሠልጣኙ ጎን ተቀምጣ የቅያሪውንና የማጥቃቱን ቁጥር ትያዝ። ከመካከላችን የቅብብሉን ብልሽት ከርቀት የምታይ እርሷን የመሰለች የለችም።

የእርሷ ቦታ ሲጎድል አንድ አጥቂ ይጎድለናል፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። መፍትሔው ስድስት ለሁለትን በጥንታዊ መልኩ፣ ያለ ቅያሪ መጫወት ይመስለናል። ማመቻቸትም መምታትም የሚችሉ ሁለት እኅቶች አሉን፤ እነርሱን በክቡ ላይ ትይዩ ብናቆማቸው ከኋላ ያለችው ታመቻቻለች፣ ከፊት ያለችው ትመታለች። ስድስቱም ቅያሪ ለችግር ቀን ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዷ እጇ ገና አልጠራም፤ ሁለት ጊዜ መንካት ይነፋባታል። በቀን መቶ ኳስ ከግድግዳ ጋር ብትለማመድ ስድስት ሳምንት አለን። ሌላዋ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የላቦራቶሪ ትምህርት ስላለባት ልምምዱ ወደ ዓርብ እንዲዛወር ጠይቃለች፤ ኮሚቴው በዚህ ሳምንት እንዲወስንበት እናሳስባለን። ለልምምዱ በረዶ የምናመጣው እኛ ነን።