ማማ በሌለበት መልእክት መቀባበል
(በሜዳ ላይ የሚሠራ የሳይንስ ትምህርት)



እንደሚታወቀው የእጅ ስልክ የሚያገናኘን በአካባቢው ባለው ማማ አማካይነት ነው። ማማው ከወደቀ ወይም መብራት ካጣ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ መደዋወል አይችሉም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶችም በሁለተኛው ናዳ ተውጠዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል በጊዜ መድረሷ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ የታሰበው ዘዴ፣ በሰዎች እጅ ያሉ ሬዲዮዎች ያለ ማማ አንዱ ለአንዱ እያቀበሉ መልእክቱን እንዲያሻግሩ ማድረግ ነው። ተመራማሪዎች ዘዴውን ከአደጋው በፊት በኮምፒዩተር አስመስለው ይፈትኑታል። እኛስ? በኳስ ሜዳ!

ሀ/ 6 ተማሪዎች በ10 በ10 እርምጃ ርቀት ይሰለፉ። ከ10 እርምጃ በላይ ማቀበል ክልክል ነው። ወረቀቱ በተላለፈ ቁጥር ተቀባዩ ከ10 ዕጣ አንዱን ያውጣና ወደ ጣሳው ይመልስ። አንደኛው ዕጣ «ጠፋ» ይላል፤ እሱ ከወጣ መልእክቱ እዚያው ይቀራል። 20 ጊዜ ደጋግሙና የደረሱትን ቁጠሩ። በሒሳቡ ከ100 መልእክት 5ቱን ቅብብል አልፎ የሚደርሰው 59 ያህል ብቻ ነው።

ለ/ ያንኑ መልእክት በሁለት የተለያዩ ሰልፎች ላኩ። ቢያንስ በአንዱ የሚደርሰው ወደ 83 ከፍ ይላል። ሁለት መንገድ ማበጀት ለምን እንደሚጠቅም ተማሪው በዓይኑ ያየዋል ማለት ነው።

ሐ/ አሁን «ናዳ!» ብላችሁ ጩኹና መካከለኞቹ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሩጡ። ሰንሰለቱ ወዲያው ይበጠሳል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ የኮምፒዩተር ሙከራዎች ሰው ወደፈለገበት እንደሚንሸራሸር ተደርጎ ይታሰባል። በአደጋ ጊዜ ግን ሰው ወደ ወገኑ ነው የሚሮጠው። ይህን ያላሰበ ሙከራ በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በጭንቅ ቀን አያደርስም። የአገራችን ጋራም ሌላው ፈተና ነው፤ ከአምባሪቾ ተራራ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ትንንሽ ሬዲዮዎች፣ ከላይ የሚያቀብላቸው ከሌለ አይሰማሙም።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችሁ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁሉም ለመርዳት ሲሮጥ፣ መልእክት ለማቀበል ጋራው ላይ የሚቀረው ማን ነው? መልሱን ከአደጋው በፊት ተመካከሩበት።